ባዶ ጀሪካን ባዶ አይደለም



በጂንካ የቅዳሜ ገበያ የተዘዋወረ ሰው፣ በደቡብ ኦሞ ምድር አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ እንደማይጣል ለመረዳት አይቸገርም። ያረጀ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፤ የጠርሙስ ቆርኪ በዳሰነች ሴቶች ዘንድ ለራስ ጌጥ ይውላል፤ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል። የዛሬ ሊቃውንት «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ብለው የሚያስተምሩትን፣ ያገሩ ሰው ስሙን ሳይሰማ ሲሠራበት ኖሯል።

ይሁን እንጂ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታሪኩ አብሮት አይሄድም። በወይጦ ሸለቆ ጥጥ ይለማል፤ ጥጥም ተባይ የሚበዛበት ሰብል ነውና ፀረ-ተባይ ኬሚካል ይረጭበታል። ኬሚካሉ ሲያልቅ የሚቀረው ጀሪካን ጠንካራ፣ ክዳኑም የማያፈስ ስለ ሆነ ውሃ ቀጂን የሚያስጎመጅ ነው። መርዙ ግን በፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር፣ ደጋግሞ ቢታጠብም ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ወይም ወደ ወተቱ ይወጣል። የሽታው መጥፋት ለዚህ ምስክር አይሆንም። ኬሚካሉ በልማድ «መድኃኒት» መባሉም የሰውን ጥንቃቄ ያላላ ይመስለኛል።

ነገሩ ለመንግሥት ሠራተኛ ሩቅ አይደለም። በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት ከተከማቸው ፀረ-ተባይ 1500 ቶን ያህሉ በ1990ዎቹ ዓመታት ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ግድ የሆነው፣ ሲገባ መውጫው ስላልታሰበለት ነው። ከዚያ ወዲህ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ ስለ አደገኛ ቆሻሻም አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። ለጥጥ ሲረጭ የኖረው ኤንዶሰልፋንም በ2003 ዓ.ም. በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ተራ ገብቷል።

አዋጅ ግን በሥራ የሚገለጠው በግዥ ክፍልና በንብረት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። የግዥ ሠራተኛው ውል ሲያዘጋጅ፣ ሻጩ ባዶውን ዕቃ መልሶ እንዲረከብ የሚያስገድድ አንድ አንቀጽ ቢያስገባ፣ ጀሪካኑ ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ ከወዲሁ ይዘጋል። የንብረት ክፍሉም ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ፣ የኬሚካል በርሜልን ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር በአንድ ዝርዝር አያግባ።

ስለ አያያዙ፦ ኬሚካሉ እንዳለቀ ጀሪካኑ ወዲያው ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ እጣቢውም ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ መርጫው ይገለበጣል። ከዚያም ውሃ እንዳይቀዳበት ሥሩ ይበሳል፤ ሻጩ እስኪረከበውም በተቆለፈ ቤት ይቀመጣል። ኋላ ፕላስቲኩ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ቢሠራበት እንኳ፣ ለምግብና ለመጠጥ መያዣ ሊሆን አይገባም።