የሶፍትዌር ቁጥር ሲያታልል

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ሜይ ወር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ አንድ ወዳጄ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሥርዓቱን እንዲመረምር የተቀጠረ ኦዲተር ዳጎስ ያለ ሪፖርት አስረከበ፡፡ በሪፖርቱ ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፡፡ «ሰርቨሩ ላይ ያለው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ቁጥሩ 1.0.1ኢ ነው፡፡ ይህ እትም ቀዳዳ አለበት፡፡ በአስቸኳይ ይቀየር» ይላል፡፡

ወዳጄ ቀዳዳው ከወር በፊት መደፈኑን ያውቃል፡፡ አለቆቹ ግን ቁጥሩን ብቻ አይተው ደነገጡ፡፡ ለማስረዳት ቢሞክርም የሚሰማው አላገኘም፡፡ በመጨረሻ አዲሱን እትም፣ 1.0.1ጂን፣ ከኢንተርኔት አውርዶ በእጁ ገጠመው፡፡ ኦዲተሩም ቀዩን መስመር ሰረዘ፡፡ ሁሉም ደስ አላቸው፤ ሰርቨሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበፊቱ ይበልጥ ለአደጋ ተጋለጠ፡፡ እንዴት ሆኖ? ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል፡፡

እንጀራ የምትጋግር እናት ጤፉን ራሷ አላረሰችም፣ ምጣዱንም አልሠራችም፡፡ ፕሮግራመርም እንዲሁ ነው፡፡ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ምስጢር የሚቆልፈውን ኮድ ከአንዱ፣ ፋይል የሚጨምቀውን ከሌላው ይወስዳል፡፡ ተዘጋጅተው የሚገኙት እነዚህ የኮድ ስብስቦች ላይብረሪ ይባላሉ፡፡ ላይብረሪዎቹም በተራቸው በሌሎች ላይብረሪዎች ላይ ይደገፋሉ፡፡ ባለሙያዎች ይህን መደጋገፍ ዲፔንደንሲ ይሉታል፡፡ ጣጣው ሁሉም በየራሱ ጊዜ መለወጡ ነው፡፡ ትናንት ሁለት ነገር ተነግሮት ይሠራ የነበረ ላይብረሪ ዛሬ ሦስት ካልተነገረኝ ካለ፣ በእሱ ላይ የተደገፈው ፕሮግራም ሁሉ ይቆማል፡፡

በ1993 የተጀመረውና በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ዴቢያን ሊኑክስ ለዚህ ያገኘው መላ «ስቴብል» የሚባለው እትም ነው፡፡ በአማርኛ «የረጋ» ብንለው ያስኬዳል፤ እንደ እርጎ ከረጋ በኋላ አይነካካምና፡፡ በየሁለት ዓመቱ ገደማ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች ቁጥራቸው ባለበት እንዲቆም ይደረጋል፤ ስህተታቸው ለወራት ይለቀምና አንድ ላይ ይወጣሉ፡፡ ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አይጨመርም፡፡ ቀዳዳ ሲገኝ አዲሱን እትም በሙሉ ከማምጣት ይልቅ ቀዳዳውን የሚደፍኑት ጥቂት መስመሮች ብቻ ተነቅሰው ወደ አሮጌው ኮድ ይገባሉ፡፡ ይህ ሥራ ባክፖርት ይባላል፡፡ አዲሱ እትም እኮ መድኃኒቱን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ አዲስ ባህርይና አዲስ ስህተትም ያስከትላል፡፡

የወዳጄን አለቆች ያስደነገጠው ቀዳዳ ሃርትብሊድ ይባላል፡፡ ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ ሆነ፡፡ ማንም ሰው ከሩቅ ሆኖ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን ማስታወሻ መዝረፍ ይችል ነበር፡፡ የይለፍ ቃልም፣ የምስጢር ቁልፍም እዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፡፡ የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል አዘጋጆች 1.0.1ጂን አወጡ፡፡ ዴቢያን ደግሞ በጊዜው ስቴብል በነበረው በዴቢያን 7 ላይ ያንኑ ማስተካከያ በአሮጌው 1.0.1ኢ ውስጥ ከተተው፡፡ የፓኬጁ ሙሉ ስም «1.0.1ኢ-2+ዴብ7ዩ5» ሆነ፡፡ ዋናው ነገር ያለው ኦዲተሩ ሳያየው ባለፈው ጅራት ላይ ነው፡፡ ይባስ ብሎ ከዚያ የሚያረጀው ዴቢያን 6 ሃርትብሊድ ጨርሶ አልነካውም፤ የያዘው 0.9.8 የሚባለውን እትም ስለነበር ቀዳዳው ያለበት ኮድ ገና አልተጻፈም ነበር፡፡

ወዳጄ አዲሱን እትም በእጁ ሲገጥም ያን ላይብረሪ ከዴቢያን ጠባቂዎች እጅ አወጣው ማለት ነው፡፡ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መድፈን የእሱ ዕዳ ነው፡፡ ብዙም አልቆየ፡፡ ጁን 5 ቀን 2014 በዚያው በ1.0.1ጂ ላይ ሌላ አደገኛ ቀዳዳ መገኘቱ ተነገረ፡፡ ስቴብልን ሳይነካኩ የተዉት ሰዎች በተለመደው ማሻሻያ ደረሳቸው፡፡ የወዳጄ ሰርቨር ግን አልደረሰውም፡፡

ኋላ መቅረት የሚጠቅምበት ሌላም አጋጣሚ ታይቷል፡፡ ኤክስ ዜድ የሚባል የፋይል መጭመቂያ አለ፡፡ ለዓመታት ይንከባከበው የነበረው በዋናነት አንድ ሰው ነው፡፡ ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ፣ ማንነቱ ያልታወቀ አካል ሁለት ዓመት ያህል በትሕትና ሲያግዝ ቆይቶ እትም የማውጣት ሥልጣን አገኘ፡፡ በ2024 ፌብሩዋሪና ማርች በወጡት በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥም የጓሮ በር ሸጎጠ፡፡ ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው ክፍል ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ለሥርጭት በተጠቀለለው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር፡፡ ዒላማው ሰርቨርን ከሩቅ ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ነው፡፡ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ግን በራሱ ኤክስ ዜድን አያውቀውም! ዴቢያንና አንዳንድ መሰሎቹ ከሲስተም ዲ ጋር እንዲነጋገር ብለው ባስገቡት ማስተካከያ የሲስተም ዲ ላይብረሪ ገባ፤ እሱ ደግሞ ኤክስ ዜድን አስከትሎ መጣ፡፡ ለሠርግ አንዱን ብትጠሩት ዘመዱን፣ ዘመዱ ደግሞ ጓደኛውን ይዞ እንደሚመጣ ማለት ነው፡፡

ጉዳዩን የደረሰበት የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ሲሆን፣ መነሻው ወደ ሰርቨሩ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር፡፡ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው፡፡ የተመረዘው እትም በዴቢያን የሙከራ ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ነበር፡፡ በወቅቱ ስቴብል የነበረው ዴቢያን 12 ግን በ5.4.1 ላይ እንደረጋ ስለነበር አልደረሰበትም፡፡ ለዚህ ዕድልም አግዟል፡፡

ይሁንና ባክፖርትም ሆነ ሌላ ማስተካከያ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል፡፡ በ2006 አንድ የዴቢያን ጠባቂ የስህተት መፈለጊያ መሣሪያ ስላማረረ ብቻ ከኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ ኮድ ቀነሰ፡፡ የቀነሰው ነገር የምስጢር ቁልፎች እንዳይገመቱ የሚያደርገውን ክፍል ነበር፡፡ እስከ ሜይ 13 ቀን 2008 ድረስ ሳይነቃበት ቆየ፡፡ በዚያ ዘመን በዴቢያንና በኡቡንቱ የወጡ ቁልፎች ለአንድ ዓይነትና መጠን ከ32 ሺሕ ብዙም የማይበልጡ ስለነበሩ፣ አንድ በአንድ ሞክሮ ማግኘት ይቻል ነበር፡፡ ስለዚህም ይመስላል ዴቢያን እንደ ፋየርፎክስ ባሉ ግዙፍ ፕሮግራሞች ላይ ባክፖርት ማድረጉን ትቶ፣ አምራቹ ለረጅም ጊዜ የሚደግፈውን እትም እንዳለ የሚያስገባው፡፡

የመሥሪያ ቤቶች ትልቁ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው፡፡ ብዙ የሚገዙ ሶፍትዌሮች ላይብረሪውን ከሥርዓቱ አይዋሱም፤ የራሳቸውን ቅጂ በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ፡፡ በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ቀዳዳ ሲገኝበት በዓለም ዙሪያ ያሉ የኮምፒውተር ክፍሎች የገጠማቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት እንድፈን?» አልነበረም፡፡ «ለመሆኑ እኛ ዘንድ አለ?» የሚል ነበር፡፡ ቅጂው በአንድ ጥቅል ውስጥ ባለ ሌላ ጥቅል ውስጥ ተደብቆ ይገኝ ነበርና፡፡

እናም ሶፍትዌር ሲገዛ ውል ላይ ሁለት ነገር ማስገባት ይቻላል፡፡ አንደኛው ሶፍትዌሩ የያዛቸው ላይብረሪዎች ሙሉ ዝርዝር ከነእትማቸው እንዲቀርብ ነው፡፡ ሁለተኛው ከእነዚያ በአንዱ ቀዳዳ ቢገኝ ሻጩ በስንት ቀን ደፍኖ እንደሚያስረክብ ነው፡፡ ለኦዲተርም ቢሆን መልስ አለ፡፡ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሲቪኢ የሚባል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፡፡ የሃርትብሊድ መለያ 2014-0160 ነው፡፡ ዴቢያን በደህንነት መከታተያ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ሲቪኢ በየትኛው ፓኬጅ፣ በየትኛው ጅራት እንደተደፈነ ይጽፋል፡፡ ያን ገጽ አትሞ ከሪፖርቱ ጋር ማያያዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፡፡