መከረ፣ አስጠነቀቀ፣ ገሠጸ

ዛሬ የምንማረው ስለ ግሦች ነው። ታላላቆቻችን አንድ ነገር ሲነግሩን አንዳንዴ «መከሩኝ»፣ አንዳንዴ «አስጠነቀቁኝ»፣ አንዳንዴም «ገሠጹኝ» እንላለን። ሦስቱም ለእኛ በጎ ታስቦ የሚነገሩ ስለሆኑ ብዙ ተማሪ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባል። ይህ ምን ጉዳት አለው ትሉ ይሆናል። አለው።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና እንደሚፈስሱ ታውቃላችሁ። ክረምት ላይ ጉና ዝናብ ሲጥል፣ እታች ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቀውት ነበር። እንግዲህ አንዲት እናት ውኃው እየደፈረሰ መምጣቱን አይታ ልጇን «ሮጠህ ሂድና አጎትህን እንዳይሻገር አስጠንቅቀው» ብላ ላከችው እንበል። ልጁም ደርሶ «አያ፣ እናቴ ባትሻገር ይሻላል ብላ ትመክርሃለች» ቢል አጎቱ ምን ያስባል? ምክር ሰሚው አመዛዝኖ የሚቀበለው ወይም የሚተወው ነገር ነው። «እስቲ ደርሼ ልየው» ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። መልእክተኛው ደርሷል፤ አደጋው ግን አልተነገረም።

ስለዚህ መከረ ስንል መልካሙን መንገድ ማሳየት ነው። «እንዲማር መከረው» እንላለን። ይህ ግሥ ሌላም ጠባይ አለው፤ «ሽማግሌዎች መከሩ» ብለን ብንተወው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ ማለት ይሆናል። አስጠነቀቀ ግን «እንዲጠነቀቅ አደረገ» ማለት ነው፤ ጥንቃቄና ጥንቁቅ ከሚሉት ቃላት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ፊት ለፊት የሚታይ አደጋ አለና ብዙ ጊዜ «እንዳይ» የሚል ይቀድመዋል፦ እንዳይሻገር፣ እንዳይነካ፣ እንዳይወጣ። ምክር የማይሰማውን ሰው አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይሉታል።

ገሠጸ ከሁለቱ የሚለየው በጊዜው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጥፋቱ ከተሠራ በኋላ ነው። ከተማችን በስሙ የተጠራችበት የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ሲደርስ ጅራፍ ታጮኻላችሁ አይደል? ገና ጅራፉን ስትገምዱ «ሰው በሌለበት ሜዳ ብታጮኹት ይሻላል» ያላችሁ መከራችሁ። ጅራፉ ሊያርፍበት በሚችል ቦታ ሕፃን ቆሞ አይቶ «ተው! ዓይኑን ትመታዋለህ!» ያለ አስጠነቀቀ። ሕፃኑ ከተመታ በኋላ ጠርቶ ጥፋታችሁን የነገራችሁ ደግሞ ገሠጻችሁ። የተቈጣ ሁሉ ግን ገሠጸ አይባልም። ቍጣ የተናጋሪውን ንዴት ያሳያል፤ ተግሣጽ ግን የሰሚውን መታረም ይፈልጋል። በግእዝ ቃሉ ማስተማርንም ይጨምራል። በእኛ መጻሕፍት መጽሐፈ ምሳሌ ከምዕራፍ 25 እስከ 31 ያለው ክፍል ተግሣጽ ተብሎ ለብቻው የሚቈጠረውም በውስጡ ትምህርት ስላለበት እንጂ ቍጣ ስለሆነ አይደለም። ስትጽፉ በንጉሡ ሠ እና በጸሎቱ ጸ መሆኑን አትርሱ።

አሳሰበ የሚለውም አለ፤ የታወቀውን እንዳይረሳ ማስታወስ ነው። «ሕመሙ አሳሰበኝ» ሲባል ግን ጭንቀት ነውና ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

በቀለም ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የጀመራችሁም ይህን ልዩነት እዚያ ታገኙታላችሁ። መከረ «አድቫይዝ»፣ አስጠነቀቀ «ዋርን»፣ አሳሰበ «ሪማይንድ»፣ ገሠጸ «ሪቡክ» ይባላል። «ኮሽን» የሚሉትም ማስጠንቀቅ ነው፤ ከ«ዋርን» ግን ለዘብ ይላል። «አድቫይዝ» ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ግሡ በዝ ይጨርሳል፤ ምክር የሚለው ስም ግን በስ፣ «አድቫይስ» ነው። እኛ ምክሮች ብለን እናበዛለን፤ እንግሊዞች ይህን ስም አያበዙትም።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና ባዶውን ቦታ ሙሉ። «መምህሩ ትምህርቱ ነገ በ3 ሰዓት መሆኑን ____።» «እናቴ የፈላውን ውኃ እንዳልነካ ____።» «አያቴ ከማን ጋር ብውል እንደሚሻል ____።» «ዲያቆኑ ታናሹን የገፋውን ልጅ ለብቻው ጠርተው ____።» በመጨረሻው ላይ «ተቈጡት» ብሎ የጻፈ ካለ ለምን እንደመረጠው በአንድ መስመር ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገርበታለን።