ሙዚየምና የከተማ ገበያ፤ ስለ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ሙዚየም ለከተማ ገበያ ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ሙዚየም ገንዘብ ይበላል እንጂ ገንዘብ አያመጣም ብለን እናስባለን።

የእስፓንያ ከተማ ቢልባኦ የብረትና የመርከብ ሥራዋ ከተዳከመ በኋላ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የጉገንሃይም የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተባት። ጥቅሙ የመጣው ከመግቢያ ቲኬት ብቻ አልነበረም፤ ጐብኚው በሆቴል ስላደረ፣ በምግብ ቤት ስለ በላ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ከተማይቱ በዚያው ዘመን የምድር ውስጥ ባቡርም መሥራቷ መዘንጋት የለበትም፤ ሕንፃው ብቻውን አላዳናትም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በበዓሉ ሰሞን ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች፤ በዓሉ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ባህል አዳራሽም ስብሰባ ወይም ትርዒት ሲኖር ይሞላል፤ ሲያልቅ ሕዝቡ ይበተናል። ዕለት ዕለት የሚከፈት ሙዚየም ግን፣ ለሐይቁና ለዓሣው የመጣው እንግዳ አንድ ሌሊት እንዲጨምር ምክንያት ይሆነዋል። ያች ሌሊት ለአልጋ አከራዩ፣ ቡርሳሜ ለምታቀርበው ሴት፣ ለሸማኔውና ለሸክላ ሠሪዋ ገበያ ናት።

ሆኖም የበዓሉን ቀን ከዋክብት አይተው የሚወስኑት ሽማግሌዎችና ዕቃውን የሚሠሩት ሰዎች ካልተካፈሉ፣ ከተማ አደገ ለማለት አንደፍርም። ስለዚህ ይህን ነገር የሚያጠና ተማሪ፣ በበሩ የገባውን ሰው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በማን እጅ እንደ ገባም ይቍጠር እንላለን።