«ባዶ» የሚለው ቃል በተመን ሉህ ቀመር ውስጥ

ርዝመቱ በየጊዜው ለሚለዋወጥ ዝርዝር የተመን ሉህ ራሱ ዙሪያ መስመር እንዲያሰምር የሚደረግበትን ሥርዓት «ሁኔታዊ ቅርጸት» እንለዋለን። («ጠርዝ» ያላልነው ያልተሰመረ ሕዋስም ጠርዝ ስላለው ነው።) አንድ የዕቃ መዝገብ እንውሰድ። ከ2ኛው እስከ 500ኛው ረድፍ ያሉት ሕዋሳት ይመረጡና «የብዛቱ ዓምድ ባዶ ካልሆነ ረድፉ ይሰመር» የሚል ቀመር ይሰጣቸዋል። በዓምዱ ፊደል ፊት የዶላር ምልክት ሲገባ የረድፉ ሕዋሳት ሁሉ ያንኑ ዓምድ ይመለከታሉ፤ የረድፉ ቁጥር ግን ምልክት ስለሌለው ከረድፍ ወደ ረድፍ ይሸጋገራል።

ችግሩ «ባዶ» ከምትለው ቃል ይመጣል። ባዶ በአማርኛ ምንም ያልያዘ ማለት ነው፤ የቁጥርም ስም ነው። በኳስ ሜዳ «ሁለት ለባዶ» ሲባል የሚደናገር የለም፤ የቀመር መመሪያ አንባቢ ግን ይደናገራል። ቃሉን በቁጥርነቱ ተረድቶ «ከዜሮ የተለየ ከሆነ» ብሎ ቢጽፍ፥ ኤክሴል ያልተጻፈበትን ሕዋስ በንጽጽር ጊዜ ከዜሮ ጋር እኩል ስለሚያደርገው ሥራው የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን ብዛቱ 0 የሆነ ዕቃም ሳይሰመርለት ይቀራል፤ በታተመው ወረቀት ላይ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ይመስላል። ከሁሉ በፊት መታየት የሚገባው ደግሞ ያው ያለቀው ዕቃ ነበር።

ስለዚህ ለተርጓሚዎች «ያልተጻፈበት ሕዋስ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ቁጥሩን «ዜሮ» ማለት ይበቃል። ስያሜው ረዝሟል የሚሉ አሉ፥ እውነታቸውን ነው። የክፍተት ምልክት ብቻ የገባበት ሕዋስም ለዓይን ያልተጻፈበት ቢመስልም ለቀመሩ የተጻፈበት በመሆኑ ይሰመራል፤ ይህንን መመሪያው በግልጽ መናገር ይኖርበታል።