ከጸሎት መጽሐፍ ወደ መማሪያ ክፍል

አንድ ሕዝብ አገሩን ያጣ እንደ ሆነ ምን ይቀረዋል? የአይሁድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ይቀረዋል።

በ70 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የሮማ ጦር ኢየሩሳሌምን ይዞ ቤተ መቅደሱን ባቃጠለ ጊዜ፣ ዮሐናን ቤን ዘካይ የተባለው ሊቅ ያብኔ በምትባል ከተማ የትምህርት ጉባኤ አቆመ። መሥዋዕቱ ቢቀር ንባቡና ጸሎቱ አልቀረም። ሕዝቡ በየአገሩ ሲበተንም፣ አባት ልጁን ሕጉን ማስተማር ግዴታው ሆኖ ኖረ፤ ጸሎትም የሚደረገው ፊትን ወደ ኢየሩሳሌም በማዞር ነበር።

ዳሩ ግን ዕብራይስጥ በመጽሐፍ ኖረ እንጂ በገበያና በማጀት አልኖረም። ግዕዝን የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በ1881 ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ፣ በቤቱ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ወሰነ። በ1882 የተወለደው ልጁም በዚሁ ቋንቋ አፉን ፈታ። ቃል ሲጐድል ከጥንቱ ይፈለግ ነበር፤ «ሚላ» ቃል ማለት ስለ ሆነ፣ መዝገበ ቃላት «ሚሎን» ተባለ። በትንቢተ ሕዝቅኤል የሚገኘው «ሐሽማል» የሚለው ቃልም ዛሬ ኤሌክትሪክ ማለት ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1913 ነው። በሐይፋ ሊከፈት የታሰበው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ሳይንስ በጀርመንኛ እንዲሰጥ ወሰኑ። ምክንያታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በዕብራይስጥ በቂ የሳይንስ መጻሕፍት የሉም፣ ቃላቱም አልተሟሉም ነበር። መምህራንና ተማሪዎች ግን «ቃሉ የሚሟላው ሲያስተምሩበት ነው» በሚል አሳብ ሥራና ትምህርት አቆሙ። በ1914 ውሳኔው ተለወጠ። በ1922 ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛና ከዐረብኛ ጋራ የፍልስጥኤም የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ በ1925ም የኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በአውሮፓ ብዙ ሚሊዮን አይሁድ ይናገሩት የነበረው ዪዲሽ በአዲሱ አገር እንደ ስደት ምልክት ተቈጠረና ወደ ኋላ ተገፋ። ነገሩ እኛንም ይነካል። ቤተ እስራኤል ኦሪታቸውን ያነበቡት፣ በስግድ በዓልም ወደ ኢየሩሳሌም የጸለዩት በግዕዝ ነበር። ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ፣ ታምራት አማኑኤል በመሩት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ጥቂት ወጣቶች ዕብራይስጥ ተማሩ። በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በ1991 በብዙ ሺሕ የተጓዙት ግን አብዛኞቹ ቋንቋውን እዚያው ከፊደሉ ጀመሩ። ልጁ ፈጥኖ ሲለምደው አባት ዘገየ፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ቤት ለአባት የሐኪምና የመሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ልጁ ሆነ።

እንግዲህ ተማሪውም ወጣቱም ሹም ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛው፣ ቋንቋ ለዕውቀት የሚበቃው ከተሠራበት ነው እንጂ በመመስገኑ ብቻ አይደለም። ሁለተኛውም፣ አንዱን ቋንቋ ስናነሣ የሌላውን ተናጋሪ አፍ እንዳንዘጋ መጠንቀቅ ይገባል፤ አባትና ልጅ መነጋገር ካቃታቸው፣ ትምህርቱ ያተረፈውን ቤቱ ይከስራልና።