ለጦርነት የተሰጠ የጋብቻ ቀለበት፦ የፋሺስት ኢጣሊያ ፕሮፓጋንዳ

ጦርነት የሚከፍት መንግሥት ከጦር መሣሪያ ባልተናነሰ የሕዝቡን ልብ ይፈልጋል። ሰው ልጁንና ገንዘቡን የሚሰጠው ጦርነቱ ፍትሐዊ ነው ብሎ ሲያምን ነው። ይህን እምነት መፍጠር የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ተግባር ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን ስትወር ያካሄደችው ዘመቻ አሠራሩን በግልጽ ያሳያል።

ዝግጅቱ የተጀመረው ጦሩ የመረብን ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ነው። በ1927 ዓ.ም የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ጋዜጦችም የሚጽፉትና የሚተዉት በመመሪያ ይነገራቸው ነበር። ለየወገኑ የሚስማማ ምክንያትም ቀረበ። በ1888ቱ የዓድዋ ሽንፈት ለሚቆጨው በቀል፣ ለድሃው ገበሬ የሚታረስ ሰፊ መሬት፣ ኅሊናው ለሚወቅሰው ደግሞ ባሪያን ነጻ የማውጣት ተልእኮ ተሰበከለት። ባርነት በኢትዮጵያ በእርግጥ ነበር። የተዋጣለት ፕሮፓጋንዳ እንዲህ እውነትን መሠረት አድርጎ ሐሰትን ይገነባበታል።

መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም በመላ ኢጣሊያ የማስጠንቀቂያ ጩኸትና የቤተ ክርስቲያን ደወል ሕዝቡን ወደ አደባባይ ጠራ። የፋሺስቱ መሪ ሙሶሊኒ ከሮም ያደረገው ንግግር በየከተማው በድምፅ ማጉያ ተሰማ፤ ኢትዮጵያን ለ40 ዓመት እንደታገሡም ተናገረ። ጦሩ በማግስቱ ድንበር ተሻገረ። ንግግርና ጋዜጣ ብቻ አልነበረም፤ ሲኒማ ቤቶችም የመንግሥትን የዜና ፊልም የማሳየት ሕጋዊ ግዴታ ነበረባቸው።

የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር 8 ቀን በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ ወራሪዋ አገር ራሷን ተበዳይ አድርጋ አቀረበች። ታኅሣሥ 8 ቀን «የእምነት ቀን» ተብሎ ባለትዳሮች የወርቅ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲለግሱ ተደረገ። የኢጣሊያ ንግሥት ኤሌና ቀዳሚ ሆነች፤ ለጋሾቹም በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። በሮም ብቻ ከ250,000 በላይ ቀለበት ተሰበሰበ። ትልቁ ጥቅም ከወርቁ ዋጋ በላይ ነበር፤ የትዳሩን ቃል ኪዳን ምልክት የሰጠ ሰው ጦርነቱን እንደ ራሱ ጉዳይ ያየዋልና።

ሌላው መሣሪያ መደበቅ ነው። ኢጣሊያ በ1917 ዓ.ም የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር፤ ሆኖም የኢትዮጵያን ወታደርና ገበሬ በመርዝ ጋዝ ፈጀች። ይህ ከኢጣሊያ ሕዝብ ተሰወረ፤ በአንጻሩ ኢትዮጵያውያን የተከለከለ ጥይት ተኮሱ የሚለው ክስ ተነዛ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ ጋዙ ሊናገሩ ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። የኢጣሊያ መንግሥት ድርጊቱን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም ነው።

እነዚህ ስልቶች በፋሺስቶች አልተጀመሩም፤ ከእነርሱም ጋር አልጠፉም። አንድ መንግሥት ጦርነትን ቅዱስ ሲያደርግ፣ ራሱን ተበዳይ ሲል፣ የሌላውን ወገን ድምፅ ሲዘጋ፣ ዜጋው ልጁንና ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ምን እንደተደበቀው ሊጠይቅ ይገባል።