ከመቶው አንዱ፦ ለሥዕልና ለሙዚቃ የተመደበው የካሊፎርኒያ ገንዘብ

ካሊፎርኒያ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ሁሉ፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ ፕሮፖዚሽን 28 የተባለው ሕግ ይመለከተዋል። የስቴቱ መራጮች ኖቬምበር 2022 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ 64 በሚሆን ድምፅ አጽድቀውታል። ሕጉ በየዓመቱ ከስቴቱ ካዝና ገንዘብ እየወጣ ለሙዚቃ፣ ለሥዕል፣ ለቲያትር፣ ለዳንስና ለመሰል ትምህርቶች ብቻ እንዲውል ያዛል። አዲስ ግብር አላመጣም። ለዚህም ይሆናል ብዙ ሰው ድምፅ ሰጥቶበት ወዲያው የረሳው።

መጠኑ የሚሰላው እንዲህ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1988 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ሊሰጥ የሚገባውን ዝቅተኛ ገንዘብ የሚወስን ሌላ ሕግ አላት። በቀደመው ዓመት በዚያ ሕግ መሠረት ለትምህርት ቤቶች ከደረሰው ገንዘብ አንድ በመቶው ይሰላና፣ ያንኑ የሚያህል ተጨማሪ ገንዘብ ለኪነ ጥበብ ትምህርት ይመደባል። ገንዘቡ መከፈል በጀመረበት በ2023-24 የትምህርት ዘመን 938 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የስቴቱ ገቢ ከፍ ዝቅ ሲል እሱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ልዩ ሕግ ያስፈለገበት ምክንያት የቆየ ነው። ኪነ ጥበብ በስቴቱ የትምህርት ሕግ ውስጥ ከጥንትም አለ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሊማሩት ይገባል ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ለዚያ ተብሎ የተለየ ገንዘብ አልነበረውም። በ1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 በቤትና በመሬት ላይ የሚከፈለውን ግብር ሲገድበው፣ ትምህርት ቤቶች ይተማመኑበት የነበረው የአካባቢ ገቢ ቀነሰ። በጀት ሲጠብ ደግሞ ቀድሞ የሚቆረጠው በስቴት ፈተና የማይለካው ትምህርት ነው። ለፕሮፖዚሽን 28 የቀሰቀሱት ሰዎች የሙሉ ጊዜ የኪነ ጥበብ ወይም የሙዚቃ መምህር ያለው ከአምስት ትምህርት ቤቶች አንዱ እንኳ በጭንቅ ነው ይሉ ነበር። ገንዘብ ባለበት ሰፈር ወላጆች ተሰባስበው፣ አዋጥተው የሙዚቃ መምህሩን ደመወዝ ይሸፍናሉ። ሁለት ሥራ የሚሠሩ እናትና አባት በሚበዙበት ሰፈር ግን ማን ያዋጣል?

የገንዘቡ አከፋፈል ይህን ልዩነት ያየ ይመስላል። ከጠቅላላው 70 በመቶው በተማሪ ቁጥር ይከፋፈላል። የቀረው 30 በመቶ ደግሞ የሚሄደው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች በሚመጡ ተማሪዎች ቁጥር ነው። ስለዚህ የድሃ ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት በነፍስ ወከፍ የበለጠ ያገኛል። በመንግሥት ገንዘብ እየተደገፉ ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩት ቻርተር ስኩሎችም ድርሻ አላቸው። ገንዘቡ በየትምህርት ቤቱ ስም ስለሚሰላ፣ ምን ላይ እንደሚውል ዕቅድ የሚያወጣው ርእሰ መምህሩ ወይም ርእሰ መምህሯ ናቸው። አንድ ጥያቄ ያለው ወላጅ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት የእነሱን በር ነው።

አጠቃቀሙም ገደብ አለው። 500 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለው ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው አካል) ከሚያገኘው ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶውን ኪነ ጥበብ ለሚያስተምሩ ሠራተኞች ቅጥር ማዋል አለበት። የተረፈው ለሥልጠና፣ ለቀለምና ለሙዚቃ መሣሪያ፣ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ለሚሠራ ሥራ ይሆናል። ለቢሮ ወጪ ከአንድ በመቶ በላይ መንካት አይፈቀድም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለው ተመልሶ ለሌሎች ይከፋፈላል።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ ግልጽ ነው። ችግሩ ያለው «ተጨማሪ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ሕጉ አዲሱ ገንዘብ በነባሩ ላይ የሚጨመር እንጂ ነባሩን የሚተካ አይሁን ይላል። ለምሳሌ፣ ውጭ አገር ያለች እህት ለወንድሟ ልጅ ትምህርት ብላ ገንዘብ ስትልክ፣ አባትየው «እንግዲህ ትምህርቱ ተከፍሏል» ብሎ የራሱን ወር ከወር ያወጣ የነበረውን ለሌላ ጉዳይ ቢያውለው፣ እህትየዋ አልተዋሸችም፣ ልጁም ከትምህርት አልቀረም። ግን ያገኘው ነገር የለም። ዲስትሪክትም ቀድሞ በራሱ በጀት ይከፍለው የነበረውን የሙዚቃ መምህር ወደ አዲሱ ሣጥን አዛውሮ፣ የተረፈውን ለሌላ ቀዳዳ ሊያውለው ይችላል። መምህሩ ያው መምህር፣ ክፍለ ጊዜውም ያው ክፍለ ጊዜ ነው። በወረቀት ላይ ግን አዲሱ ገንዘብ «ለኪነ ጥበብ ውሏል»።

ይህ ሐሜት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ፣ ሕጉን ያረቀቁት የቀድሞው የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ኦስቲን ቢውትነር፣ ከተማሪዎች ቤተሰቦች ጋር ሆነው ራሳቸው ይመሩት የነበረውን ዲስትሪክት ከሰሱ። ክሱ ዲስትሪክቱ በዓመት 77 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነውን የፕሮፖዚሽን 28 ድርሻ ነባር ወጪን ለመተካት ተጠቅሞበታል የሚል ነው። ዲስትሪክቱ ደግሞ ሕጉን አክብሬያለሁ ባይ ነው። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ፣ «ተጨማሪ» የሚለው የሚለካው በዲስትሪክቱ ጠቅላላ ወጪ ነው ወይስ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚለው ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም። ጠቅላላ ድምሩ አድጎ የአንዲት ትምህርት ቤት ልጆች ምንም ላያገኙ ይችላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ወላጅ የሚያውቀው የልጁን ትምህርት ቤት እንጂ የዲስትሪክቱን ድምር አይደለምና ሕጉ ይህን አስቀድሞ በማያሻማ ቋንቋ ቢዘጋው ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ችግር የሰው ነው። ገንዘብ በአንድ ዓመት ይመደባል፤ መምህር ግን በአንድ ዓመት አይሠለጥንም። ካሊፎርኒያ በ1970 ባወጣችው ሕግ ለዳንስና ለቲያትር ይሰጥ የነበረውን ለየት ያለ የመምህርነት ፈቃድ አስቀርታ ነበር። ዳንስ ማስተማር የፈለገ የስፖርት፣ ቲያትር ማስተማር የፈለገ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ፈቃዶቹ እንዲመለሱ የተወሰነው በ2016 ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያልሠለጠነ መምህር ዛሬ ብር ስለተገኘ ብቻ ከየት ይመጣል? ብዙ ቦታ አንድ መምህር ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት እየዞረ ያስተምራል።

በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ፣ በሳን ዲዬጎ ለሚኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦች በዚህ ሕግ ውስጥ የተደበቀ አንድ ዕድል አለ። ሕጉ ኪነ ጥበብን ሲዘረዝር በጣም ሰፊ ነው። ዳንስ፣ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ የእጅ ጥበብ፣ ባህላዊ ጥበብ፣ ፊልም፣ የአልባሳት ዲዛይን፣ ሌላው ቀርቶ የኮምፒዩተር ኮዲንግም አለበት። ስለዚህ ክራርም ሆነ እስክስታ ከሕጉ ውጭ አይደሉም። ከዚህም በላይ፣ የሚቀጠረው ሰው የግድ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ብቻ አይደለም። ሕጉ ከፈቃድ ያላቸው መምህራን ሌላ ሌሎች የትምህርት ቤት ሠራተኞችንም ይፈቅዳል። እሑድ እሑድ ለማኅበረሰቡ ልጆች መሰንቆ በነፃ የሚያስተምር ባለሙያ ትምህርት ቤቱ ሊቀጥረው ወይም ከቀሪው 20 በመቶ ሊያሠራው የሚችልበት መንገድ አለ ማለት ነው። የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ያልተጠየቀውን ግን አይወስንም። እኛ ዘንድ ርእሰ መምህርን በገንዘብ ጉዳይ መጠየቅ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ብዙዎቻችን በወላጆች ስብሰባ ላይ ዝም ብለን እንወጣለን። እዚያ አገር ግን መጠየቅ የተለመደ ነው።

ምን ይጠየቅ? ዲስትሪክቶች በየዓመቱ በዚህ ገንዘብ ስንት ሠራተኛ እንደቀጠሩ፣ ስንት ተማሪ እንዳስተማሩና በስንት ትምህርት ቤት እንደሠሩ የሚያሳይ ሪፖርት በቦርዳቸው አጽድቀው በድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት አለባቸው። ያንን ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ሪፖርቱ የሚያሳየው በአዲሱ ገንዘብ የተሠራውን ነው፤ አሮጌው ገንዘብ የት እንደሄደ አይናገርም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፦ ሕጉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በ2022-23፣ በዚህ ትምህርት ቤት ኪነ ጥበብ የሚያስተምሩት ስንት ነበሩ? ደመወዛቸውስ ከየትኛው ሣጥን ይከፈል ነበር? ዛሬስ?

መልሱ በቃል ካልተገኘ በጽሑፍ ይጠየቃል። የካሊፎርኒያ የመንግሥት መዛግብት ሕግ ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለ ሰነድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ዜግነት አይጠይቅም፤ ለምን እንደሚፈልጉት ማስረዳትም ግዴታ አይደለም። ዲስትሪክቱ የተጠየቀውን ሰነድ ይሰጥ ወይም አይሰጥ እንደሆነ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት።